ቻይንኛን አይቼ ድሬዳዋ ላይ የሠራሁት ቋንቋ

ኪሉ የሚባል ቋንቋ አለ። የሚናገሩት ሁለት ሰዎች ናቸው። አንዱ እኔ ነኝ፣ ሌላው ሱቄ ውስጥ አብሮኝ የሚሠራው የአክስቴ ልጅ። ሰፈራችን ግን "ኪሎ" ነው የሚለው። "ዛሬስ ስንት ኪሎ አወራችሁ?" እያሉ ይቀልዱብናል። ለምደነዋል።

ኪሉን የሠራሁት እኔ ነኝ። አሠራሩን የቀዳሁት ከቻይንኛ ነው። አሁን አሁን ልጆች ሱቅ ድረስ እየመጡ "እኛም የራሳችንን ቋንቋ መሥራት ፈልገን ነበር፣ ከየት እንጀምር?" ይሉኛል። እየደጋገምኩ ከማወራ ልጻፈው ብዬ ነው። እኔ የጀመርኩት ከተሳሳተ ቦታ ነበር፤ ብዙ ጊዜም በላብኝ።

ሱቄ ታይዋን ነው። ድሬን ለማያውቅ፦ ታይዋን የኤሌክትሮኒክስና የልብስ ገበያችን እንጂ ደሴቷ አይደለችም። ሞባይል እጠግናለሁ። አንዳንዱ ስልክ ሁሉ ነገሩ ቻይንኛ ሆኖ ይመጣል። ደንበኛው "አቦ፣ ቋንቋውን ቀይርልኝ" ብሎ አስቀምጦልኝ ይሄዳል። እኔም ምልክቶቹን በመልካቸው እየያዝኩ "ቋንቋ" የሚለው ጋ እደርሳለሁ። ስለዚህ በሕይወቴ መጀመሪያ የለየሁት የቻይንኛ ቃል "ቋንቋ" የሚለው ራሱ ነው። ዩየን ይባላል። እንዴት እንደሚነበብ ግን ያኔ አላውቅም ነበር።

የአዲስ አበባ ጅቡቲ አዲሱ ባቡር ሲሠራ ከቻይናዎች ጋር በአስተርጓሚነት የሠራ ጓደኛ አለኝ። እሱን ሻይ እየጋበዝኩ የባትሪና የቻርጀር ማሸጊያ አስነብበው ጀመር። ባትሪ ምን ይባላል? ዲየንቸ። የመጀመሪያው ምልክት ኤሌክትሪክ ነው፣ ሁለተኛው ኩሬ። የኤሌክትሪክ ኩሬ! ሞባይል የእጅ ማሽን ነው። የጆሮ ማዳመጫ የጆሮ ማሽን። ስልክ የኤሌክትሪክ ንግግር። ኮምፒውተር ደግሞ የኤሌክትሪክ አንጎል። ያን ቀን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ከሃያ የማይበልጡ ምልክቶች አውቄ ማሸጊያ ላይ የተጻፈውን ግማሹን መገመት ቻልኩ። አንዷንም በቻይንኛ ድምፅ መጥራት አልችልም። ያነበብኩት በአማርኛ ነው።

ይህ ነገር በእኔ ብቻ የደረሰ መስሎኝ ነበር። ለካ ቻርልስ ብሊስ የሚባል ኬሚካል መሐንዲስ ቀድሞኛል። ከናዚ ማጎሪያ ወጥቶ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ሻንጋይ ተጠለለ። እዚያ የሱቅ ምልክቶችንና የጋዜጣ ርዕሶችን ማንበብ ለመደ። ከዚያ ነቃ፤ እያነበበ ያለው በቻይንኛ ሳይሆን በገዛ ቋንቋው ነው። ከዚህ ተነስቶ ማንም በራሱ ቋንቋ የሚያነበው የምልክት ጽሑፍ ፈጠረና እ.ኤ.አ. በ1949 አሳተመው። ለብዙ ዓመት ዞር ብሎ ያየው ሰው አልነበረም። በ1971 ግን ካናዳ፣ ቶሮንቶ ውስጥ አፋቸው ለማይፈታ፣ አካላቸው ለማይታዘዝ ልጆች መነጋገሪያ ሆነ። ልጁ ምልክቱን ይጠቁማል፣ ሰው ያነብለታል። ይህን ሳውቅ "የሥራ ፈት ጨዋታ ነው" የሚሉኝን መስማት ተውኩ።

እሺ፣ ወደ ስህተቴ። ልጅ ሆነን የወፍ ቋንቋ ያላወራ የለም። በየቃሉ መሀል "ዝ" እየሰገሰግን ትልልቆቹ እንዳይሰሙን እናወራ ነበር። የመጀመሪያው ኪሉም ከዚያ አልተሻለም። አማርኛን ወስጄ ድምፁን ቻይና አስመሰልኩት። "ች" እና "ንግ" የሌለበት ቃል አልነበረም። አረፍተ ነገሩ የአማርኛ፣ ግሱ የአማርኛ፣ ልብሱ ብቻ የቻይና። ለአስተርጓሚው ጓደኛዬ አንድ ገጽ አነበብኩለት። ዝም ብሎ ሰማኝና "ይሄ ድስት ከመደርደሪያ ሲወድቅ ነው" አለኝ። ተናደድኩ። ማታ ግን ደብተሩን ገልጬ ሳየው እውነቱን ነው። በዚያ ላይ ሌላ ነገር አሳፈረኝ። የሰውን ቋንቋ ድምፅ ለማሾፊያ የሚያስመስሉ አሉ፤ የእኔም ከዚያ የራቀ አልነበረም።

ሦስት ወር የደከምኩበትን ጣልኩት። የመጀመሪያው ምክሬም ይኸው ነው፤ ድምፁን ተዉት፣ አሠራሩን ያዙ። ቻይንኛን ቻይንኛ የሚያደርገው አብዛኛው ነገር አፍ ላይ አይደለም። አጫጭር ሥሮች አሉ። ሁለቱን ስታጋጥማቸው ሦስተኛ ነገር ይወለዳል። ቃሉ ሳይለወጥ ቦታው ብቻ ሥራውን ይነግርሃል። ይህን በማንኛውም ድምፅ መሥራት ይቻላል።

ሁለተኛውን ኪሉ በድሬ ድምፅ ሠራሁት። ኪ እጅ ነው፣ ሉ ንግግር። ኪሉ ማለት በእጅ የተሠራ ንግግር። ፋ እሳትም ኤሌክትሪክም ነው። ሞ ውኃ ነው። አንድ ሥር አንድ ፊደል ነው፤ ቢበዛ መጨረሻው ላይ "ን" ይጨመርበታል። እዚህ ላይ ፊደላችን በጣም ተመቸኝ። የላቲን ፊደል ሁለትና ሦስት የሚፈልግበትን እኛ በአንድ ምልክት እንጽፋለን። 14 ተነባቢና 5 አናባቢ ወሰድኩ። 70 ቀለም፣ ማለትም የቃል ድምፅ ቁራጭ፣ ይሆናል። ከ"ን" ጋር 140። በሦስት ቃና፣ ማለትም በድምፅ አወጣጥና አወራረድ፣ ሲባዛ 420። ቻይንኛ ራሱ፣ የቤጂንጉ ማለቴ ነው፣ ቃናውን ካልቆጠርን ከ400 ትንሽ በሚበልጡ ቀለሞች ነው የሚኖረው። ስለዚህ 420 ለአንድ የድሬ ሞባይል ጠጋኝ ይተርፋል።

ባትሪን ኩሬ ማለት ግን አልፈለግኩም። ድሬ ላይ ኩሬ ማን አየ? ወንዛችን ደቻቱ እንኳ ዓመቱን ሙሉ አሸዋ ነው፤ ሲመጣ ደግሞ ይዞ ይሄዳል እንጂ አይጠራቀምም። እኛ ውኃ የምናጠራቅመው በሮቶ ነው። ስለዚህ በኪሉ ባትሪ የኤሌክትሪክ ሮቶ ነው። የአክስቴ ልጅ ይህን ሲሰማ ሳያስረዱት ገባው። "ሮቶው ተቀዷል" አለ ወዲያው፤ ቻርጅ አልይዝ ያለ ባትሪ ማለቱ ነው። ቃል የምትፈጥሩ ከሆነ ከግቢያችሁ ዕቃ ጀምሩ።

ባቡር ላይ ብዙ ተከራክረናል። ቻይንኛ ባቡርን ሁዎቸ ይለዋል፤ የእሳት ጋሪ። ጓደኛዬ "አዲሱ ባቡር እኮ በኤሌክትሪክ ነው የሚሄደው፣ እሳቱ የታለ?" አለኝ። ልክ ነው፣ እሳትም ጭስም የለውም። ቻይናዎቹ ግን ስሙን አልቀየሩም። የእኛስ "ባቡር"? መነሻው "እንፋሎት" የሚል ትርጉም ያለው የውጭ ቃል ነው። እንፋሎቱ ከጠፋ ስንት ዘመኑ! ይህች ከተማ በ1902 እ.ኤ.አ. ባቡሩ ሲደርስ ተቆረቆረች፤ አሁንም ሰዉ ለገሃር ይላል፣ በፈረንሳይኛ ጣቢያ ማለት መሆኑን ሳያስበው። ቃል ሲያረጅ ትርጉሙን አውልቆ ስም ብቻ ይሆናል። ስለዚህ ቃላችሁ ነገሩን ሙሉ በሙሉ ካልገለጸ ብላችሁ አትጨነቁ። እኔ አንድ ሳምንት ሙሉ ተጨንቄ በመጨረሻ ፋ-ጋሪ አልኩት።

አሁን ወደ ዋናው ጣጣ፤ ቃና። አንድ ቀለም ከፍ ብሎ ሲባል ሌላ፣ ሲወጣ ሌላ፣ ሲወርድ ሌላ ትርጉም ይሰጣል። በቻይንኛ "ማይ" ሲወርድ መሸጥ ነው፣ ዝቅ ብሎ ሲነሳ መግዛት። ለነጋዴ የሚያስፈራ ነገር ነው። እኔ በወረቀት ላይ ገብቶኛል፣ በጆሮዬ ግን ሁሉም አንድ ነው። ስልክ ላይ እየቀዳሁ ራሴን አዳምጣለሁ፤ ምንም ልዩነት የለውም። ለመተው ትንሽ ቀርቶኝ ነበር።

ያዳነችኝ ጎረቤቴ ናት። ከሱቄ ፊት ለፊት ልብስ ትሸጣለች። ሶማሌ ናት፤ ኤዶ ነው የምላት። ድሬ ላይ አንቱታ ብዙም አይሠራም፣ በ"አንቺ" ነው የምናወራው፤ አክብሮቱ "ኤዶ" ውስጥ አለ። ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ ሰውን ቤት ሲከተው ገበያው ጭር ይላል። ያኔ ነው እኔ ለብቻዬ "ቴ፣ ቴ፣ ቴ" የምለው።

"ምን ሆነሃል አንተ?" አለችኝ አንድ ቀን።

ነገርኳት። አንድ ቃል በድምፅ ከፍታ ብቻ ሁለት ነገር እንዲሆን ነው የምፈልገው፣ ግን አልሆነልኝም አልኳት። ሳቀች።

"ይሄማ እኛ ጋ አለ። ኢናን በል።"

"ኢናን።"

"ወንድ ነው ሴት?"

አላውቅም አልኳት። ሁለቴ አለችልኝ። መጀመሪያው ላይ ድምፁ ሲነሳ ወንድ ልጅ ነው፤ መጨረሻው ላይ ሲነሳ ሴት ልጅ። ሌላው ሁሉ አንድ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ሶማልኛ በዙሪያዬ እየተወራ ይህን ሰምቼው አላውቅም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ፈታኜ እሷ ሆነች። ቃል እላለሁ፣ ፊቷን ወደ ልብሶቹ አዙራ "ወጣ"፣ "ወረደ" ትለኛለች። ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። ቃና ከስልክ አይለመድም። ስትሳሳቱ የሚይዛችሁ ሰው ጆሮ ያስፈልጋል። ደግሞም ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። እዚሁ አገራችን ደቡብ ምዕራብ የቤንች ቋንቋ አምስት የድምፅ ከፍታ ደረጃዎችን ይለያል፤ ከቤጂንጉ ቻይንኛ ይበልጣል ማለት ነው።

ቃናን ከለመድኩ በኋላ ሁለት ጊዜ ደግሞ ወደቅኩ።

አንደኛው በጽሑፍ ነው። ቃናውን ደብተሬ ላይ አልጻፍኩትም። አማርኛስ ማጥበቅና ማላላቱን መች ይጽፋል ብዬ። "ገና" የሚለውን ስታነቡ በዓሉ ይሁን "ገና አልመጣም" የሚለው ከዓረፍተ ነገሩ ትለያላችሁ። "ዋና"ም እንደዚያው ነው። ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ ነበር። ከሁለት ወር በኋላ የራሴን ደብተር ማንበብ አቃተኝ። አማርኛን የምናነበው ቋንቋውን ቀድመን ስለምናውቅ ነው። ገና የተወለደ ቋንቋን ማን ቀድሞ ያውቀዋል? አሁን ለሚወጣው ከላይ ነጥብ፣ ለሚወርደው ከታች ነጥብ አደርጋለሁ። ነጥብ የሌለው ከፍ ብሎ ቀጥ ያለው ነው። ደብተሩ ኩፍኝ የወጣበት ይመስላል፣ ግን ይነበባል።

ሁለተኛው ገንዘብ አስከፈለኝ። ከአክስቴ ልጅ ጋር ዋጋ የምንነጋገረው በኪሉ ነው። ደንበኛ ፊት "ስንት ድረስ ልውረድ?" ማለት አይቻልማ። ቁጥሮቹን ስሠራ 3 እና 6ን በቃና ብቻ ለየኋቸው፤ ሁለቱም ቴ ናቸው፣ አንዱ ይወጣል፣ ሌላው ይወርዳል። ስክሪን ልንቀይር 600 በል አልኩት። እሱ 300 ሰማ። ደንበኛው ደስ ብሎት ከፍሎ ሄደ። ሦስት መቶ ብር ኪሳራ፣ በገዛ ቋንቋዬ።

ጓደኛዬ ይህን ሲሰማ ቻይናዎችም ተመሳሳይ ችግር እንዳለባቸው ነገረኝ። አንድ "ዪ" ነው፣ ሰባት "ቺ"። ስልክ ቁጥር ሲነጋገሩ ስለሚምታታባቸው አንድን "ያዎ" ይሉታል። እኔም 6ን ቀይሬ "ጉን" አልኩት። ቁጥሮች፣ አዎና አይደለም፣ ግዛና ሽጥ በቃና ብቻ አይለያዩ። ጫጫታ ባለበት ቦታ መጀመሪያ የሚጠፋው ቃና ነው፤ ታይዋን ደግሞ ባጃጁ፣ ጀነሬተሩ፣ የሚጣራው ሰው ሁሉ አንድ ላይ ነው።

ጥያቄም ሌላ ችግር ነበር። እኛ ስንጠይቅ መጨረሻውን ከፍ እናደርጋለን። በኪሉ ከፍ ካደረግከው ግን ቃሉ ሌላ ሆነ። ቻይንኛ ይህን የፈታው ዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ "ማ" የምትል ቁራጭ በመጨመር ነው። "ኒ ሃዎ ማ?" ይላሉ። ብዙ ካሰብኩ በኋላ ነው የገባኝ፤ ይቺ የእኛ "ወይ" ናት። "ደህና ነህ ወይ?" እንዳለች ወሰድኳት። ወይ አሁን የኪሉ ቃል ናት።

ግሱ ቀላል ይመስላል፣ አይደለም። "አልሰበርኩትም" የሚለውን ተመልከቱ። በአንድ ቃል ውስጥ እኔ አለሁ፣ ስልኩ አለ፣ መስበር አለ፣ መካድም አለ። ቻይንኛ እነዚህን እያንዳንዳቸውን ለየብቻ ያቆማቸዋል። ኪሉም እንደዚያ ነው። የአክስቴ ልጅ አፍ ግን እምቢ አለ። "ሉ" ተናገረ ከሆነ ለራሱ "ሉኩ" ይላል። "ሉን" ደግሞ ለእኛ። ስድስት ወር ተቆጣሁት። አሁን በንግግር ትቼዋለሁ፤ በጽሑፍ ብቻ አልፈቅድም። ሰው የሚናገረው ቋንቋ በሠሪው እጅ ብዙ አይቆይም። ስለ እውነት ደስ ይላል፣ ትንሽም ያናድዳል።

መቁጠሪያ ቃላትን እዘላቸዋለሁ ብዬ ነበር። በቻይንኛ "ሁለት መጽሐፍ" አይባልም፤ በቁጥሩና በዕቃው መሀል እንደ ዕቃው ዓይነት ሌላ ቃል ይገባል። ባዕድ ነገር መሰለኝ። አንድ ጠዋት ከመጋላ ገበያ ስገዛ ራሴን ሰማሁት፤ ሁለት ራስ ነጭ ሽንኩርት፣ አምስት ፍሬ ሎሚ፣ አንድ ዘለላ ሙዝ፣ አንድ እስር ጎመን። አለን እኮ! እኛ ስንፈልግ እንጠቀመዋለን፣ እነሱ ግዴታቸው ነው፤ ልዩነቱ ይሄው ነው። ለኪሉ አራት ብቻ አስቀረሁ። ለክብ፣ ለጠፍጣፋ፣ ለረጅም፣ ነፍስ ላለው። ስልክ ጠፍጣፋ ነው። የድሮ ኖኪያ ግን ክብ ውስጥ ይግባ ብሎ የአክስቴ ልጅ ተከራክሮ አሸነፈኝ።

የሳምንቱን ቀናት እንደ ቻይና በቁጥር አደረግኳቸው። ሰኞ ሳምንት አንድ፣ ማክሰኞ ሳምንት ሁለት፣ እንዲህ ይቀጥላል። ጓደኛዬን ለሙከራ በኪሉ "ሳምንት አራት ና፣ ምሳ አለ" ብዬ ጻፍኩለት። ረቡዕ ጠበቅኩት፣ ቀረ። ሐሙስ መጣ፣ ምግብ የለም። ረቡዕ በግዕዝ አራተኛ ነው፤ ከእሑድ ስትቆጥር። ቻይናዎች ከሰኞ ነው የሚቆጥሩት፣ አራተኛው ሐሙስ ይሆናል። ደንቡን ያወጣሁት እኔ፣ ያፈረስኩትም እኔ። እጄ ወደ ለመደው ሄደ። ኪሉ አሁን በግዕዙ ይቆጥራል።

ምልክት መሣል የምትወዱ ካላችሁ አንድ ነገር ልበል። የቻይና ጽሕፈት አንድ ዛፍ ዛፍ፣ ሦስት ዛፍ ደን ነው። ሰው ዛፍ አጠገብ ሲሆን ዕረፍት። ከዚራ ሰፈር በዛፍ ጥላ ሥር ለተቀመጠ የድሬ ልጅ ይህን ማስረዳት ያስፈልጋል ወይ? ቤት የሚለው ምልክት ግን ጣሪያ ሆኖ ከሥሩ አሳማ ነው። ለኤዶ ብነግራት ደነገጠች፤ እናቴ ብትሰማም ከእሷ የተለየ አትልም። እኔ ጣሪያ ሥር ጀበና ሣልኩ። ኤዶ "ፍየል ይሻል ነበር" አለች። በምልክት ግን ብዙ አልገፋሁም፤ ፊደሉ በቂ ነው። አብዛኛው የቻይና ምልክትም እንደምናስበው ሥዕል አይደለም። አንዱ ጎኑ ትርጉሙን ይጠቁማል፣ ሌላው ጎኑ አነባበቡን።

ከሌሎች ሠሪዎችም መማር ጥሩ ነው። ኤስፔራንቶ የሚባለው የተሠራ ቋንቋ እ.ኤ.አ. በ1887 ሲወጣ ሠሪው ዛመንሆፍ ብዙ ቋንቋ የሚነገርባት ቢያሊስቶክ የምትባል ከተማ ልጅ ነበር። የድሬ ልጅ ይህን ሲሰማ ሰውየውን የሚያውቀው ይመስለዋል። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣችው ቶኪ ፖና ደግሞ በ120 ገደማ ቃላት ትኖራለች፤ ከእነዚያ ውስጥ ከቻይንኛ የመጡ አሉባት። እኔ እሷን ካየሁ በኋላ ነው ቃል ማብዛቱን ያቆምኩት። ደብተሬ ላይ 300 ሥር ነበር። የምንጠቀምባቸውን ምልክት አደረግኩ፤ 131 ሆኑ። ሌሎቹን ሰረዝኳቸው። አንድም ቀን አልፈለግናቸውም።

አሁን የቀረኝ ችግር "አቦ" ነበር። ድሬ ላይ ያለ አቦ ወሬ አይጀመርም፣ አይጨረስምም። እለምንሃለሁ ነው፣ ተወኝ ነው፣ ወዳጄ ነው፣ ሰለቸኝ ነው። ለዚህ ከኪሉ ሥሮች ቃል ለመሥራት አንድ ወር ሞከርኩ። ሁለት ሥር አጋጠምኩ፣ ሦስት አጋጠምኩ። አንዱም አቦ አልሆነም።

ባለፈው ውኃ ጠፍቶ ነበር። የአክስቴ ልጅ ባዶ ጀሪካን ይዞ ከጓሮ መጣና ኮረኮንቹ ላይ አስቀመጠው።

"ሞ ኔ፣ አቦ።"

ሞ ውኃ ነው፤ ኔ የለም። ከማዶ ኤዶ "እኔም ጋ የለም አቦ" ብላ መለሰችለት። ማንም አላስተረጎመላትም። ደብተሩን አውጥቼ 132ኛ ላይ ጻፍኩት፦ አቦ። ትርጉም፣ እንደ ሁኔታው። ቃና፣ የለውም።